ኮቱን ወንበር ለብሶ

ኩሩ ነኝ። ይህን ስናገር ፊታቸውን ኮስተር የሚያደርጉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ያድርጉ። መካነ ሰላም ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ዛሬ ሚኒባስ የሚነዳውም፣ መድኃኒት ቤት የከፈተውም፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብሎ «ነገ ተመለሺ» የሚለኝም ክፍልፋይ ከእኔ የተማረ ነው። የምኮራው ግን በዚህ አይደለም። ሙሾ አውራጅ ነኝ፤ የምኮራው በዚህ ነው።

ዲግሪ ያላት መምህርት ሙሾ አውራጅ ነኝ ስትል ሰው መጀመሪያ የምትቀልድ ይመስለዋል፤ ቀጥሎ ያዝንላታል። አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ ይህን ነገር አፌን ሞልቼ ለመናገር ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ምክንያቱም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አባቴን በአፌ የገደልኩት ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ከአክስቴ ይጀምራል። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ ድረስ ሰው ሲሞት የሚላክባት እሷ ነበረች። ኮንጎ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ታጥቃ፣ ጭቃ ሳትል ውርጭ ሳትል ትሄዳለች። ሌሎች አልቃሾች እንደደረሱ ድምፃቸውን ያነሳሉ። አክስቴ ግን መጀመሪያ ጓዳ ትገባና የሟቹን ሰዎች ትጠይቃለች። «ቤት ሲገባ ምን ይል ነበር? ሲናደድ እጁን የት ያደርግ ነበር? ምን ምግብ አይወድም ነበር?» አንዳንዱ ይቆጣታል፤ ሬሳ ተጋድሞ ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይላታል። እሷ ትጠብቃለች። «ደግ ነበር» ካሏት ፊቷን ታጠቁራለች። «እሱማ ለማንም ይባላል፤ የእሱን ንገሩኝ» ትላለች። ከዚያ ወጥታ ሜዳው መሀል ስትቆም፣ ያ ጓዳ የተነገራት ትንሽ ነገር በስንኝ ሆኖ ይወጣል፤ ቅድም ሲያወሩ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ደረታቸውን ይይዛሉ።

እኔ ከጎኗ አልጠፋም ነበር። እናቴ «ልጅ ለቅሶ ቤት ምን ይሠራል» እያለች ብትነጫነጭም አባቴ «እህቴ ጋር አይደለች እንዴ» ብሎ ይገላግለኛል።

አባቴ በጭነት መኪና ገብስ ይነግድ ነበር። ከተማ ሲወጣ የሚለብሳት ቡናማ ኮት ነበረችው፤ ኪሷ የተቆላ ሽምብራ አይጠፋውም። ቤት ሲገባ ኪሱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ እኔና ወንድሜ ድምፁን ሰምተን እንሮጣለን።

አንድ የገበያ ቀን፣ እሱ ደጎሎ ሄዶ፣ እናቴ ገበያ ወጥታ፣ እኛ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ቀረን። የጎረቤት ልጆችም ነበሩ። ለቅሶ ለቅሶ እንጫወት አልኩ። በእኛ አገር የሟች ልብስ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ሰው ልብሱን እያየ ያለቅሳል። ስለዚህ ልብስ ያስፈልገን ነበር። የአባቴን ኮት አወጣሁና ለወንበር አለበስኩት፤ ባርኔጣውንም ከላይ ደፋሁበት። አሻንጉሊት ወይም የሞተች ዶሮ ማልቀስ ይቻል ነበር፤ ግን አክስቴ የማይታወቅ ሰው አይለቀስም ብላኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከአባቴ የበለጠ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ልጆቹ ከበቡኝ። እኔም እንዲህ አልኩ፦

«ኮቱን ወንበር ለብሶ፣ ኪሱ ሽምብራ ሙሉ፤
አባዬ የት ሄደ፣ ልጆቹ እያሉ።»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ወንድሜ እውነቱን አለቀሰ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀና ስል እናቴ ከገበያ ተመልሳ በር ላይ ቆማለች። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ኮት አየች፤ ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ። ሮጣ መጥታ አፌን በመዳፏ ያዘችው። «ዝጊ» አለችኝ፤ «ዝጊ!» በቁም ያለን ሰው ማልቀስ ምን ማለት እንደሆነ የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሟርት ነው፤ ሞትን በስም መጥራት ነው። ወንበሩን ገለበጠችው፤ ኮቱን በጠራራ ፀሐይ አጠበችው፤ ግቢውን ሁሉ ጠበል ረጨችው። ከዚያ ቀን ወዲያ አክስቴን ተከትዬ እንዳልሄድ ተከለከልኩ።

አባቴ በሦስተኛው ቀን መጣ። ኪሱን መታ መታ አደረገ፤ ሽምብራ በላን። ሁለት ወር ሳይሞላ በጉበት በሽታ ሞተ።

ለቅሶው ሜዳ ላይ ያቺ ቡናማ ኮት ወጣች። አንድ ዘመድ ወንበር አምጥቶ ለወንበሩ አለበሳት። ባርኔጣውንም ደፋበት። እኔ ካዘጋጀሁት አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም። አክስቴ ወንድሟን ስታለቅስ ዓይኗ እኔን ይፈልግ ነበር፤ እኔ የእናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደብቄ አፌን በሁለት እጄ ይዣለሁ። እናቴ አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» ብላኝ አታውቅም። ማለት አላስፈለጋትም፤ እኔው ለራሴ ብዬዋለሁ። ኮቷን የእንጨት ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባት። ያን ሣጥን ብቻ አይደለም፤ እናቴ ስኳሩንም፣ ጓዳውንም፣ ነገሩንም የምትቆልፍ ሴት ሆነች።

እኔም ሒሳብ ተማርኩ። በሒሳብ ውስጥ ሰው አይሞትም። እንዲያውም ለተማሪ ጥያቄ ሳወጣ ሰው አላስገባም ነበር፤ «አንድ ገበሬ ሦስት ልጆች ቢኖሩት» የሚል ጥያቄ ከእኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ሁሉ ነገር ብርቱካን ነው። ተማሪዎቼ «የብርቱካኗ መምህርት» ይሉኝ ነበር፤ የማልሰማ መስሏቸው። ለቅሶ ቤት እደርሳለሁ፤ ኋላ ተቀምጬ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ ከሁሉ ቀድሜ እወጣለሁ። ሰው ልቧ ደረቅ ነው ይለኛል፤ ይበል፤ እኔ እነሱን ከምላሴ እየጠበቅኳቸው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ ክረምት ክረምት ደሴ መማር ጀመርኩ፤ ትምህርቱ የምክር አገልግሎት ሥነ ልቦና ነው። የገባሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለደረጃ እድገት ነበር። በሁለተኛው ክረምት ጥልቅ ሥነ ልቦና የሚባል ትምህርት መጣ። መምህሩ ቀጭን፣ የጃኬታቸው ክርን ያለቀ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሰው ከሚያውቀው አእምሮው ሥር የማያውቀው ሌላ አእምሮ አለው፤ የረሳነውና የሸሸነው ነገር እዚያ ይቀመጣል፤ ሲብስበትም በሕልም ይመጣል አሉን። ከዚያም እያንዳንዳችሁ ደብተር ግዙ፣ ሕልማችሁን ጻፉ አሉ። እኔ እጄን አውጥቼ «ሕልም ለመፍታትማ እናቴ ትበቃኝ ነበር፤ ደሴ ድረስ ምን አመጣኝ?» አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና «ደብተሩን ግን ግዢ» አሉኝ።

ገዛሁ። በሳምንቱ አንድ ሕልም ደጋግሞ መጣብኝ። የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ነኝ። ተማሪዎቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው፣ ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው ዝም ብለው ይጠብቁኛል። ጥቁር ሰሌዳው ፊት አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ልናገር ስል አፌ ጠመኔ ሞልቶታል። አኝካለሁ፤ አያልቅም።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። እሷ ሕልም ስትሰማ መጀመሪያ «ኸይር ነው» ሳትል ወደ ፍቺው አትሄድም። «ኸይር ነው። ጠመኔ ነጭ ነው፤ ነጭ ደሞ ሲሳይ ነው። እድገቱን ሊሰጡሽ ነው» አለችኝ። ሴትየዋን ስነግራት ግን ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብላ ዘጋችው። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

መምህሩ ዘንድ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ሊፈቱልኝ እምቢ አሉ።

«የአንቺን ጠመኔ እኔ ከየት አውቀዋለሁ?» አሉ። «ወደ ሕልሙ ተመለሺ። ሳትተኚ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ፣ ቁጭ ብለሽ። ሴትየዋን ምን እንደምትፈልግ ጠይቂያት።»

«እርስዎ ይህን የእውነትዎን ነው?»

«የእውነቴን ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት ዝናብ የተማሪዎች መኝታ ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሞኝነት እየተሰማኝ ክፍሉን በሐሳቤ አመጣሁት፤ ሰሌዳውን፣ ልጆቹን፣ ሴትየዋን። ምን ትፈልጊያለሽ አልኳት። ፊቷን አላዞረችም። ድምፅዋን ግን ሰማሁት፤ «ቤት ሲገባ ምን ይል ነበር?» አለችኝ።

ጮኼ አለቀስኩ። ከጎኔ የምትተኛዋ መምህርት ሰው የሞተብኝ መስሏት ውሃ ይዛ መጣች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ላስባት ያልፈቀድኳት ኮት፣ ወንበሩ፣ ባርኔጣው፣ የእናቴ መዳፍ፣ ሁሉም መጣ። ደብተሩ ላይ አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ «አባቴን ገድዬዋለሁ» ብዬ አሰመርኩበት።

መምህሩ ሁሉንም አነበቡ። «አልገደልሽውም» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው «ምላስሽ ይህን ያህል ኃይል ካለው ከዚያ ወዲህ ማንን ገደለ?» አሉኝ። ተናደድኩ። ተነስቼ ልወጣ ነበር። እሳቸውም ረጋ ብለው፣ ልጅ ፍርሃቱን ሲደብቅ አጠገቡ የነበረውን ሌላ ነገር አብሮ ሊደብቅ ይችላል አሉ። «እስቲ ንገሪኝ፤ በሰባት ዓመትሽ፣ ማንም ሳያዝሽ፣ ደስ እያለሽ የሠራሽው ሥራ ምን ነበር?»

መልሱን አውቀው ነበር። ደብተሬን አንስቼ ወጣሁ። ከቢሯቸው እስከ ደሴ መናኸሪያ በእግሬ ሄድኩ፤ ሚኒባስ ልሳፈር ሳይሆን እንዲሁ እግሬ ወስዶኝ።

መካነ ሰላም ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት አክስቴ ዘንድ ነው። አርጅታለች፤ ጉልበቷ ደክሟል፤ አሁንም ግን ሲጠሯት ትሄድ ነበር። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና «ቤት ሲገባ ምን ይል ነበር?» አለችኝ፤ እኔ ደሴ የሰማሁትን ምንም ሳታውቅ። «ምንም አይልም ነበር፤ ኪሱን መታ መታ ያደርጋል» አልኳት። «አዎ» አለች፤ «እሱ ነው ወንድሜ።» ስለ አባቴ ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እሄድ ጀመር። ስንኝ አላስተማረችኝም፤ መጠየቅ ነው ያስተማረችኝ።

ዓመቱ ሳይሞላ አክስቴ ሞተች። መንገዱ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበርና ከላላ ያለችው ሌላዋ አልቃሽ መምጣት አልቻለችም። ሜዳው በሰው ሞላ፤ በእሷ ሙሾ ያልተለቀሰ ቤት ስላልነበረ ክርስቲያኑም እስላሙም መጥቷል። ሰው ግን ለየብቻው ያለቅሳል፤ ይበርድና ዝም ይላል። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ ሐጂ ናቸው፣ ከሜዳው ጠርዝ ተቀምጠው «አቦ፣ ለስንቱ አልቅሳ እሷን የሚያለቅስላት ይጥፋ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

እኔ ጠዋት ጓዳዋ ገብቼ ነበር። ያስታመመቻትን ልጇን ጠይቄያታለሁ። «በመጨረሻው ሳምንት ምን ትል ነበር?» ስላት «ማነው የሚጠራኝ ትላለች፤ ማንም ሳይጠራት ልነሳ ትላለች» አለችኝ። ስወጣ ኮንጎ ጫማዋን በሩ አጠገብ አየሁት፤ ከመጨረሻው ለቅሶ የመጣበት ጭቃ አልረገፈም። ስለዚህ ስንኙ ነበረኝ። የሌለኝ ድፍረቱ ነው። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። አጠገቤ ቀረችኝ የምላት ሰው እሷ ናት፤ አፌን ብከፍት ቀጣዩ ማነው? መምህሩ ያሉኝን ሁሉ አስታወስኩ፤ አንዱም አልረዳኝም። ደብተሬ ያለበትን ቦርሳ ጭኔ ላይ አጥብቄ አቅፌያለሁ።

ከመቀመጫዬ ትንሽ ከፍ አልኩ። የእናቴ እጅ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። አፌን ልትይዘኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቦርሳውን ከጭኔ ላይ አነሳችልኝ።

ቆምኩ። ሜዳው መሀል ድረስ ሄድኩ።

«በየሰዉ ለቅሶ ስትደርስ የኖረች፣
በራሷ ቀን ቢጠሯት እምቢ ብላ ቀረች።

ጫማዋ ከነጭቃው ደጃፍ ተቀምጦ፣
ባዶ እግሯን ሄደች ወይ ልቧ እንዲህ ቆርጦ።»

የመጀመሪያውን ስል ድምፄ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ስል ግን የራሴን ድምፅ አገኘሁት፤ ወፍራም፣ ሰፊ፣ ሜዳውን የሚሞላ ድምፅ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ «አምስት ብርቱካን» ስል የኖርኩበት ድምፅ አይደለም። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ልጇ ጫማውን ከቤት አምጥታ መሀል ላይ አስቀመጠችው፤ ያን ጊዜ ወንዱም አለቀሰ። እስከ ከሰዓት ቆምኩ። ስጨርስ ሐጂው በምርኩዛቸው ተደግፈው መጡና «ማሻአላህ፤ እኛ ይዛው የሄደች መስሎን ነበር» አሉኝ። እኔ እንደማውቀው ከዚያ የበለጠ ዲፕሎማ የለም፤ ከደሴ ያመጣሁትንም ጨምሮ።

ዛሬ ይጠሩኛል። ጠዋት አስተምሬ ከሰዓት እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ጓዳ እገባለሁ፤ እጠይቃለሁ። ትምህርት ቤትም እናት ወይም አባት የሞተበት ተማሪ ወደ እኔ ይልኩታል፤ እሱንም የምጠይቀው ያንኑ ነው፤ ቤት ሲገባ ምን ይል ነበር እለዋለሁ። ወላሂ፣ ስንቱ ልጅ በዚህች አንዲት ጥያቄ አፉ እንደተከፈተ! ጥያቄ ሳወጣም ገበሬው ሦስት ልጆች አሉት።

የቀረው የእናቴ ነገር ነው። ከአክስቴ ተዝካር በኋላ አንድ እሑድ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ግቢ ውስጥ ምስር እንለቅማለን። ቀና ሳትል ጀመረች።

«አባትሽ ያን ጊዜ ከደጎሎ አልነበረም የመጣው። ደሴ ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር። እንደማይድን ነግረውት ነው የመጣው።»

እጄ ሰሃኑ ላይ ቀረ።

«አንቺ ያደረግሽውን በንዴት ነገርኩት። ሳቀ። ‹ምን አለች?› አለኝ። ነገርኩት። ‹ድገሚልኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲያም እስኪሞት ድረስ ስንቴ አስደግሞኛል መሰለሽ።» ከዚያም እናቴ፣ አፌን የዘጋችው እናቴ፣ «ኮቱን ወንበር ለብሶ፣ ኪሱ ሽምብራ ሙሉ» ብላ አንድ ቃል ሳትስት አወረደችው።

ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ፣ አጠገቤ ኖራለች። ለምን አልነገርሽኝም ስላት ምስሩን እየበተነች «ፈራሁ። አንቺን ዝም ካሰኘሁ የሚተርፍ መሰለኝ። ከሞተ በኋላ ደሞ አፈርኩ» አለች። ሰማኋት። እኔም እኮ አፌን ይዤ የኖርኩት እሷን ለማትረፍ ነበር። ንዴቴ ቀስ እያለ ወረደ፤ ሁሉም ግን አልወረደም።

ምስሩ አለቀ።

«የኔን ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እሱ ሰምቶ ሄዷል። እኔም ልስማው እንጂ።»

«እማዬ፣ ሟርት ነው።»

«በይ እንግዲህ፤ እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

አየኋት፤ እጇን፣ ሰሃኑን፣ ወገቧን። «ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ አጥብቃ ያሰረች» አልኩ።

«ነጠላ?» አለች ቀና ብላ። «ቁልፍ ነጠላ ላይ ሳስር መቼ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? መቀነቴ ላይ ነው። አስተካክዪው።»

«ቁልፉን መቀነቷ ጫፍ አጥብቃ ያሰረች» አልኩ፤ እዚያው ላይ አቆምኩ።

እናቴ እጇን ዘርግታ አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«ቀጥዪ» አለች።